ሃምሳ ስምንት ደቂቃ በሚኒሞ

ታሪኬን ስትከታተሉ የቆያችሁ የጥርስ ሐኪሙን ታውቁታላችሁ። ይህን ገጽ ዛሬ ገና የገለጣችሁም ብትሆኑ ምንም አልቀረባችሁም፤ ሻይ እስኪቀርብላችሁ ድረስ አስተዋውቃችኋለሁ።

እኔ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። ስሜ «ጠንቋይዋ» ነው። ያወጡልኝ አለቃችን ጋሼ ናቸው። ከመሪው ሥር ባለችው ትንሽ ሶኬት ላይ የማሽኔን ገመድ ሰክቼ፣ ኮፈኑ ሳይከፈት «ሦስተኛው ካንዴላ ነው» ስል የሰሙኝ ቀን «ይቺ ልጅ ወይ ጠንቋይ ናት፣ ወይ ራሷ አበላሽታዋለች» አሉ። ጥንቆላ የለበትም። የዘመኑ መኪና ኮምፒውተር አለው፤ ሲታመም የሕመሙን ኮድ ይመዘግባል፤ በዚያችው ቅጽበት ደግሞ የራሱን ፎቶ ያነሳል። ፍጥነቴ ይህን ያህል ነበር፣ ሙቀቴ ይህን ያህል ነበር፣ ከተነሳሁ ይህን ያህል ደቂቃ ሆኖኝ ነበር ብሎ ያስቀምጣል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ መኪና ያባውን የእኔ ማሽን ታወጣዋለች።

ማሽኔን ሰው አይነካብኝም። ከመጽሐፍ የማትበልጥ ጥቁር ዕቃ ናት፤ አንድ ጥጓ ተሰንጥቆ በፕላስተር አስሬላታለሁ። ምሳ ስበላ ጭኔ ላይ ናት፤ ቤት ስገባ አልጋዬ ራስጌ ናት። ጋሼ ያሾፉብኛል። «እኛ በጆሯችን ነበር የምንሠራው፤ አንቺ ይቺ ነገር ብትጠፋብሽ መሪና ጎማ የምትለዪ አይመስለኝም» ይሉኛል። ይሁንና ሥራውን የጀመርኩት እኒሁ ሰው ባስተማሩኝ አንድ ሕግ ነው፤ ኮዱ ሰፈሩን ይነግርሻል እንጂ ሌባውን አይነግርሽም። ኮድ አይቶ ዕቃ የሚቀይር ሰው መካኒክ ሳይሆን የዕቃ ደላላ ነው ይላሉ። ይህን ሕግ በመኪና ላይ ጥሼው አላውቅም። የጣስኩት በሰው ላይ ነው፤ በምወደው ሰው ላይ።

እሱ ረጅም ነው። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ካልገፋ በቀር ጉልበቱ መሪው ሥር አይገባም። ከስምንት ወር በፊት መኪናው እየተንገጫገጨበት መጣ፤ ሌላው ደንበኛ ሁሉ «መቼ ያልቃል?» ሲለኝ እሱ ከኋላዬ ቆሞ «እንዴት አወቅሽ?» አለኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አሳየሁት። እኔም በተራዬ ስለ ጥርስ ጠየቅኩት። «የሚያመው ጥርስ ሁልጊዜ የታመመው አይደለም» አለኝ፤ «የታችኛው ተበልቶ የላይኛው ያማል። ስለዚህ ጉጠት ከማንሳትሽ በፊት ሁሉንም መጠየቅ አለብሽ።» እኔና እሱ አንድ ሥራ እንደምንሠራ የገባኝ ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ መኪናውን ለሰርቪስ ባመጣ ቁጥር ከሾፌሩ ራስ በላይ ባለው የፀሐይ መከላከያ ውስጥ ደብዳቤ ይተውልኛል። ስልክ እያለው ደብዳቤ። የእጅ ጽሑፉ ደግሞ የሐኪም ስለሆነ አንዱን ገጽ ለማንበብ አንድ ቀን ይፈጅብኛል፤ እሱም ጥሩ ነው።

መኪናው የሟች አባቱ ነው። እናቱ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሰው ነገር ሲሰሙ የኖሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ መሪ ጨብጠው አያውቁም፤ ሦስት ዓመታቸው። የእኔ አባት ደግሞ ጎሚስታ ነበር። እድሜውን በሙሉ ጎማ ሲለጥፍ ነው የኖረው፤ ከለጠፋቸው ጎማዎች አንዱ የዳኛዋ ሳይሆን አልቀረም።

ሐኪሙ ሩቅ ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ተመድቦ እሁድ ሊሄድ ነው። ለሁለት ዓመት። በወሩ ተከትዬው እንድመጣና እንድንጋባ ጠየቀኝ። እኔ አንድ ነገር ብቻ አልኩት፦ «እናትህ ከአንተ አፍ ይስሙ። ተደብቄ የምገባበት ቤት የለም።» ሰኞ ለሰርቪስ ሲመጣ የተወልኝ ደብዳቤ አጭር ነበር። ረቡዕ እነግራታለሁ፤ ያለችውን አንዲት ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አመጣልሻለሁ፤ ዓርብ መልስሽን ስጪኝ። እኔም የራዲያተሩን አረንጓዴ ውኃ ለወጥኩ፣ የቆዩ ኮዶችን ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፋሁ፣ ሸኘሁት።

ዓርብ ጠዋት መጣ።

መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሳቀልኝ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር መብራት በርታ ነበር።

«ነገርኳት» አለኝ። «ቁጭ ብለን እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን ይሄን መብራት እዪልኝ። መኪናው ሰኞ ከአንቺ ዘንድ ወጥቶ ቤት ከገባ ወዲህ ግቢ ቆሞ ነው የከረመው፤ እኔ ክሊኒክ በእግሬ ነው የምሄደው። ዛሬ ጠዋት ሳስነሳው በርቶ አገኘሁት። ደግሞ ወንበሩን ማን እንደሳበው እንጃ፤ ጉልበቴን መሪው ላይ ልሰብረው ነበር።»

«ማን ሳበው?»

«እኔ ምን አውቄ። መኪና የሚያጥብልን ሰውዬ ይሆናላ። ሻይ ላምጣ?»

ሻይ ሊያመጣ ወደ ጥጉ ሱቅ ሄደ። እኔ ገመዴን ሰካሁ።

መጀመሪያ ኮዱ ወጣ፤ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተር መስመር ላይ ችግር አለ ይላል። ቀላል ነገር ነው። ፎቶውን ከፈትኩት። ፍጥነት ዜሮ። ሙቀት መቶ አሥራ አራት። ከተነሳ ሰማንያ ሦስት ደቂቃ። እዚህ ላይ ዓይኔ ቆመ። ግቢ የቆመ መኪና እንዴት ሰማንያ ሦስት ደቂቃ ተነስቶ ይቆያል?

አንድ ነገር ካላወቅኩት እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ተፈጥሮዬ ነው። ሌላ ገጽ ከፈትኩ። ኮዶቹ ሰኞ ከጠፉ ወዲህ መኪናው የሄደው አርባ ስምንት ኪሎ ሜትር። መብራቷ ከበራች ወዲህ ሃያ አራት። በቅባት እጄ መዳፌ ላይ ደመርኩ ቀነስኩ። ከእኛ እስከ ቤታቸው አሥራ ሁለት ነው። ሰኞ አሥራ ሁለት፣ ዛሬ አሥራ ሁለት፣ ሃያ አራት። የቀረው ሃያ አራት የማን ነው? በመካከሉ አንድ ቀን መኪናው ወጥቷል፤ አሥራ ሁለት ሄዶ፣ መብራቷ እዚያ በርታ፣ አሥራ ሁለት ተመልሷል። አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢበዛ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ከሰማንያ ሦስቱ ላይ ሃያ አምስት ሲነሳ ሃምሳ ስምንት ይቀራል። ሃምሳ ስምንት ደቂቃ መኪናው አንድ ቦታ ቆሟል፤ ሞተሩ ሳይጠፋ። ቆሞ መሥራትን እኛ ሚኒሞ እንለዋለን።

ሰው አንድ ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ እስኪቀረው በሚኒሞ የሚቆመው ምን ሲሆን ነው? ወንበሩም ወደ ፊት ተስቧል። አጭር ሰው ነው የነዳው። መኪና አጣቢ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር አይነዳም። እሁድ የሚሄድ ሰው ደግሞ የሚሰናበተው ሰው ይኖረዋል። ከተማውን በሐሳቤ ዞርኩት፤ ከቤታቸው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ምን አለ? የሐይቁ ዳር መዝናኛ አለ፤ አዲሱ መናፈሻ አለ፤ ሰዎች መኪና ውስጥ ተቀምጠው የሚያወሩበት ያ ኮረብታም አለ። ሁሉንም ቆጠርኩ።

ሁለት ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ በሩን በክርኑ ገፍቶ ገባ። የእኔን ስኳሩን አማስሎ ነበር ያመጣው።

«ምን አለች?» አለኝ፤ ማሽኔን እንደ ሰው ነው የሚጠራት።

«ሰሞኑን የት ነበርክ?»

«ክሊኒክ። ሥራ ሳስረክብ ሰነበትኩ።»

«መኪናውስ?»

«ግቢ። ነገርኩሽ እኮ።»

ማሽኗን ወደ ፊቱ አዞርኩለት። ኪሎ ሜትሩን አሳየሁት፤ ደቂቃውን አሳየሁት። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ አየ። ግንባሩ ተቋጠረ፤ የምወደው መቋጠር ነበር፤ ያን ጠዋት ግን የሌባ መሰለኝ።

«አልገባኝም» አለ። «እኔ አልነዳሁትም።»

«አውቃለሁ። የነዳችው እሷ ናት። አንተ ጎን ነው የተቀመጥከው።»

«እሷ ማን?»

«ሞተር ሳታጠፉ ሃምሳ ስምንት ደቂቃ የተሰናበትካት።»

ብርጭቆዎቹን የመሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጣቸው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ማሽኗ ተሳስታ ይሆናል።»

«ማሽኔ አትዋሽም።»

«እኔስ?»

ዝም አልኩ። ስምንት ወር የማውቀውን ሰው በዝምታ ነው የሰደብኩት። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ሲዘጋ አየሁ፤ ሱቅ ያለ ጊዜው እንደሚዘጋ።

«የሚያመው ጥርስ ሁልጊዜ የታመመው አይደለም ብዬሽ ነበር» አለኝ። «አንቺ ግን ጉጠቱን አንስተሻል።» ወደ በሩ ሄደና ዞር አለ። «ደብዳቤው ቦታው ላይ ነው። ካሻሽ አንብቢው። ካላሻሽ ከቁጥሮችሽ ጋር ኑሪ።»

ቁልፉን ትቶ በእግሩ ወጣ። ረጅም ሰው አንገቱን ሲደፋ ያሳዝናል። እንዲያም ሆኖ አልጠራሁትም። ደብዳቤውንም አላወጣሁትም፤ ውሸት በጥሩ ወረቀት ላይ ተጽፎ ላነብ ነው ወይ አልኩ።

ወደ ሥራዬ ገባሁ። በማሽኔ ቬንትሌተሩን «ዙር» ብዬ አዘዝኩት፤ አልዞረም። ደግሜ አዘዝኩት፤ ወይ ፍንክች። «አዲስ ቬንትሌተር ይምጣልኝ፤ ይሄን አውጥቼ ልጥለው ነው» ብዬ ጮህኩ። ጋሼ ከወዲያኛው ጥግ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ።

«ፊውዙን አየሽው?»

«ደህና ነው።»

«ሪሌዋንስ?»

አላየኋትም። እኔ፣ ጠንቋይዋ፣ አላየኋትም። ሪሌ ማለት የክብሪት ቀፎ የማታህል ማብሪያ ናት፤ ለቬንትሌተሩ መብራት የምትለቅለት። ጋሼ ጎንበስ ብለው ነቀሏትና የክላክሱን ሪሌ፣ አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ በቦታዋ ሰኩ። «እስቲ አሁን እዘዢው» አሉኝ። አዘዝኩት። ቬንትሌተሩ ሽው ብሎ ዞረ።

«ያ ምስኪን ምን አደረገሽ?» አሉ፤ ጣታቸውን ወደ ቬንትሌተሩ ቀስረው። «ጤነኛውን ልትጥዪው ነበር እኮ። ምን ሆነሻል ዛሬ? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ብዬ አላስተማርኩሽም?» ከዚያ የቀዘቀዘውን ሻይ አዩ፤ ሁለት ብርጭቆ መሆኑን አዩ፤ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አዲስ ሪሌ ሰካሁ። የክላክሱንም ወደ ቦታው መለስኩ። እጄን ታጠብኩ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቼ የፀሐይ መከላከያውን አወረድኩት፤ ደብዳቤው ጭኔ ላይ ወደቀ።

«ረቡዕ ነገርኳት። መነጽሯን አወለቀች። ‹ምን ትሠራለች?› አለች፤ ነገርኳት። ‹አባቷስ ምን ነበሩ?› አለች፤ እሱንም ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። እናቴ ዝም ስትል እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ። ከዚያ ‹እኔ ያላየሁት ነገር ላይ ፈርጄ አላውቅም› ብላ ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች። እሺ ይሁን እምቢ አላወቅኩም። ሐሙስ ደግሞ ማታ ስገባ መብላት አልቻለችም፤ ፊቷ ግን የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም። አንቺ ነገር የምታውቂ ነሽ፤ ይህን አንብቢና ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ። ያለችውን አልጨመርኩም፤ አልቀነስኩም።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያላየሁት ነገር ላይ ፈርጄ አላውቅም። ከቤታቸው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር። ሐይቁን ቆጥሬ፣ ኮረብታውን ቆጥሬ፣ ሰኞና ዛሬ ያንኑ አሥራ ሁለት በገዛ መዳፌ ላይ ጽፌ፣ አንዲት ቦታ ሳልቆጥር ቀርቻለሁ። የገዛ ጋራዤን በር።

ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩት፤ አጭር ሰው እንደሚስበው። ከዚያ ወርጄ መንገዱን ተሻገርኩ። ከእኛ ፊት ለፊት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለ፤ ከሱቁ አጠገብ አንድ ጥላ ያለው የእግረኛ መንገድ ዳር። ደንበኛ እዚያ መኪና አያቆምም፤ ወደ ውስጥ ይገባል። አስፋልቱ ላይ የደረቀ አረንጓዴ እድፍ ነበር፤ የመዳፍ ስፋት። ሰኞ በገዛ እጄ የሞላሁት የራዲያተር ውኃ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ገንፍሎ የወጣ። ተንበርክኬ በጣቴ ነካሁት፤ አሸተትኩት። ያ ጣፋጭ ሽታ። መንገደኛ ይቺ ሴትዮ አበደች ወይ ብሎ አለፈኝ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚሉት እኔን ነው።

እዚያው ተንበርክኬ ወደ ጋራዡ ቀና ብዬ አየሁ። በሩ ወለል ብሎ ይታያል፤ የእኔ ጠረጴዛ ይታያል። ሐሙስ ምን ስሠራ ነበር? የጭነት መኪና ሥር ተኝቼ ነበር። አፍንጫዬን በእጅጌዬ ጠርጌያለሁ። አንድ ዝገት የያዘውን ብሎን በእርግጫ ብዬዋለሁ፤ የሰደብኩትን ስድብ አሁን መድገም አልችልም። ያንን ሁሉ ሳደርግ ዳኛዋ ሲያዩኝ ነበር።

መኪና ከተሠራ በኋላ ተነድቶ መሞከር አለበት፤ ይህ የሥራ ደንብ ነው። ለጋሼ «ልሞክረው» አልኳቸው። «ስንት ኪሎ ሜትር?» አሉኝ። «አሥራ ሁለት» አልኳቸው። እንደ ገባቸው ፊታቸው ነገረኝ።

ዳኛዋ ግቢያቸው ውስጥ የደረቀ ልብስ ከገመድ ላይ እያነሱ ነበር። ትንሽ ሴትዮ ናቸው፤ ልብስ ማስጫውን ለመድረስ በጫማቸው ጫፍ ይቆማሉ። መኪናውን ሲያዩ ሸሚዙን ደረታቸው ላይ እንደ ያዙ ቀሩ። ወረድኩ። የመጣሁት በሥራ ልብሴ ነው፤ ልቀይር ብዬ ቤት ሄጄ ቢሆን ኖሮ ድፍረቴ ጠፍቶ የምመጣ አይመስለኝም።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። መኪናው ተሠርቷል። ምንም አላበላሹትም፤ ያረጀች ሪሌ ናት። ማንም ቢነዳው ትቃጠል ነበር።»

ሸሚዙን አጣጠፉት። እንደገና ዘረጉት።

«እንዴት አወቅሽ?» አሉኝ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ እንዲህ ሲሉኝ ምን እሆናለሁ? ከስምንት ወር በፊት ከኋላዬ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ያው ጥያቄ፣ ያው አገጭን ወደ ፊት ሰገግ ማድረግ። ማሽኔን አውጥቼ ኮፈኑ ላይ አስቀመጥኩና ለእሳቸውም አሳየኋቸው፤ ኪሎ ሜትሩን፣ ደቂቃውን፣ ሙቀቱን። ስለ አረንጓዴው እድፍም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዷን ቁጥር አነበቡ።

«ሃምሳ ስምንት» አሉ። «ለእኔ አሥር ደቂቃ መስሎኝ ነበር።»

«ለምን ሞተሩን አላጠፉትም?»

«ካጠፋሁት መልሼ ለማስነሳት ድፍረት አላገኝም ብዬ ነዋ። ከሦስት ዓመት በኋላ እኮ ነው። ባለቤቴ ጎኔ ሳይኖር ነድቼ አላውቅም። እየተንቀጠቀጥኩ ነው የደረስኩት።» ጣታቸው መስታወቱ ላይ ያለውን አቧራ ይጠርጋል። «ላይሽ ነው የመጣሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ረቡዕ ማታ በልቤ ፈርጄብሽ ነበር። ላልፈልግሽ ምክንያት ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

«ብሎኑን ስራገጥም አዩኝ?»

«እሱንም አየሁ። ስድቡንም ሰማሁ፤ አዲስ ነው ለእኔ።» አልሳቁም፤ ዓይናቸው ግን ሳቀ። «ከዚያ አንድ ታክሲ ነጂ መጣ። ነጭ መኪና። ትዝ ይልሻል?»

ትዝ አለኝ። መኪናውን ሊሸጥ ነበርና መብራቷን በማሽኔ እንዳጠፋለት የለመነኝ ሰውዬ ነው።

«ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸብሽ። ‹አንቺ የጎሚስታ ልጅ› አለሽ። አንቺ ምን አልሽው?»

«አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሳለሁ። ‹መብራቱን ማጥፋት እችላለሁ፤ በሽታውን ግን አላጠፋሁትም። ለሚገዛህ ሰው ምን ልበለው?› አልሽው። ከዚያ ደግሞ በሽታውን በነፃ አሳየሽው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሠላሳ ዓመት ምስክር ስሰማ ኖሬያለሁ፤ መብራቱን አጥፉልኝ ያለኝን ሰው ቁጥር አትጠይቂኝ። እዚያ ቆሜ ቀረሁ። ልሄድ እያልኩ ቆሜ ቀረሁ። በኋላ ይቺ ቢጫ መብራት በራችና ውኃ ሲፈስ ሳይ ደነገጥኩ፤ የአባቱን መኪና አቃጠልኩት አልኩ። ለልጄ እንኳ መናገር አፈርኩ።»

አሁን የእኔ ተራ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ ጠዋት ልጅዎን ከሴት ጋር ነበርክ ብዬው አባርሬዋለሁ። በእነዚህ ቁጥሮች።»

«ፈረድሽበት?»

«ፈረድኩበት።»

«ሳትሰሚው?»

«ሳልሰማው። ወንበሩ ተስቦ ነበር ብሎ በራሱ ላይ የመሰከረው ራሱ ነው። ጥፋተኛ እንዲህ አይናገርም። እሱ እንኳ አልገባኝም።»

እንባዬ መጣ። ለመጥረጊያ ያለኝ ያው እጅጌዬ ነው፤ የቅባት። ዳኛዋ የያዙትን የልጃቸውን ሸሚዝ ሰጡኝ፤ ንጹሕ ነበር፤ ጠረግኩበት፤ ጥቁር ሆነ።

«እንግዲህ እኩል ነን» አሉ። «አንቺ ሳትሰሚው፣ እኔ ሳላይሽ። ቁልፉን ስጪኝ።»

ወንበሩ ወደ ፊት እንደተሳበ ነበር፤ ልክ ሆነላቸው። አስተውለው አዩኝ። እኔ ጎን ተቀመጥኩ፤ ማሽኔ ጭኔ ላይ። ሲነሱ ሞተሩ አንዴ ጠፋባቸው። «ችግር የለም፤ ሁሉም ሰው ላይ ይጠፋል» አልኳቸው። ሁለተኛ አስነሱት። እስከ ክሊኒኩ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ እኛ በመኪና አሥራ አምስት ፈጀብን። ክሊኒኩ በር ላይ ሲደርሱ መንገድ ዳር አቁመው ክላክሱን ሁለት ጊዜ ነፉ።

በነጭ ጋዋኑ ወጣ። መጀመሪያ የእናቱን እጆች አየ፤ መሪው ላይ ያሉትን። ከዚያ እኔን አየ። ዓይኑ ከእሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሳቸው ሲመላለስ፣ ጠዋት የዘጋሁት ፊት ቀስ እያለ ሲከፈት አየሁት።

«እማዬ?»

«ከኋላ ግባ» አሉት።

ገባ። የእናቱ ወንበር ወደ ፊት ስለተሳበ በዚያ መኪና ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጉልበቱ ሰፊ ቦታ አገኘ። ዞሬ ልመለከተው ፈለግኩ፤ አልቻልኩም። ወደ ፊት እያየሁ ተናገርኩ።

«ሐሙስ ከጋራዣችን በር ፊት ለፊት ነበር የቆመው። እናትህ እኔን ሊያዩ መጥተው ነው። እኔ ደግሞ ኮዱን አየሁና ጤነኛውን ዕቃ ነቅዬ ጣልኩት። አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ።»

ከኋላዬ ወደ ፊት ሲጠጋ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ተሰማኝ።

«እንዴት አወቅሽ?» አለ።

ዳኛዋና እኔ ተያየን። እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው ሳቁ።

«መንገድ ላይ እነግርሃለሁ» አልኩት። ከዚያ ማሽኔን ከነገመዷ ጠቅልዬ፣ ዞር ብዬ፣ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። «እሁድ ይዘሃት ሂድ።»

ፕላስተር የታሰረውን ጥጓን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ምን እንደሰጠሁት የሚያውቅ ሰው ነው።

«ሥራሽስ?»

«ተከትዬህ እስክመጣ አንድ ወር ነው። እስከዚያ እንደ ጋሼ በጆሮዬ እሠራለሁ።»

በሁለት እጁ አቅፏት ግንባሩን የወንበሬ ጀርባ ላይ ደገፈ። ዳኛዋ ሞተሩን አላጠፉትም ነበር፤ በሚኒሞ ቆመናል። ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲወጣ ተሰማኝ፤ ገመድ አልሰካሁም፣ ቁጥር አላየሁም፤ ጆሮዬን ሰጥቼ ጠበቅኩ። ኮፈኑ ሥር ቬንትሌተሩ በራሱ ጊዜ ተነስቶ መዞር ጀመረ፤ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ይዤው የነበረውን ትንፋሽ ለቀቅኩት።